«አርኤስ» የተለጠፈባት ቪትዝ

ዕቁቡ የወጣልኝ መጨረሻ አካባቢ ነው። ሦስት ዓመት ከምናምን ስጥል ከርሜ፣ ዕጣዬ የደረሰው አብዛኛው ዕቁብተኛ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ባለቤቴ ግን «እንኳንም ዘገየ፤ ቀድሞ ቢደርስህ ይሄኔ አይኖርም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ትንሽ ከባንክ፣ ትንሽ ከታናሽ ወንድሜ ተጨምሮበት መኪና ልንገዛ ተስማማን።

የምንገዛው ለእናቴ ብለን ነው። እማዬ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለዓይኗ ሕክምና በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ ትመጣለች። 130 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ፣ ዓይኗ ላይ ጠብታ ተደርጎላት፣ ሰው እየተጋፋት ነው የምትመለሰው። ባለፈው ስትመለስ መናኸሪያው ውስጥ ደረጃ ስታ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ስለዚህ የባለቤቴ ትዕዛዝ አጭር ነበር፤ «አራት በር ያለው፣ እናትህ ሳትንገላታ የምትገባበት፣ ወረቀቱ ንጹህ የሆነ።»

እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን አንድ ጎረምሳ ቀይ ጎልፍ ነበረችው። ትንሽ፣ ከኋላዋ ቆረጥ ያለች፣ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የምትጮህ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ መኪና አይቼ ተደንቄ አላውቅም። ሰው ላንድክሩዘር ሲያይ ይቁለጨለጫል፤ እኔ ቆረጥ ያለች ነገር ስታልፍ አንገቴን አዞራለሁ። 46 ዓመቴ ነው፤ ልጆች አሉኝ፤ ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

እና በቴሌግራም ስፈልግ ሰነበትኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መጣችልኝ። «ቪትዝ አርኤስ፣ ስፖርት፣ ፉል ኦፕሽን፣ የሴት እጅ፣ ዋጋ ድርድር አለው።» ቀይ ናት። ከኋላ ክንፍ አላት፣ ቸርኬዋ ጥቁር ነው፣ መሬት ልትስም ምንም አልቀራትም። (ዋጋውን አልጽፍም። ዛሬ ጽፌው ነገ ይቀየራል፤ ከሚሊዮን በላይ መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ።)

ሃያ ሁለት አካባቢ ተቀጣጠርን። ደላላው ልጅ እግር ነው። «ፋዘር፣ ይቺን ሰው ሳይቀድምዎት ይውሰዷት» አለኝ። «ፋዘር» ያላት ትንሽ ቆረጠችኝ፤ በዚያች ሰዓት እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስነሳኋት። ማርሚታዋ አካባቢውን ሁሉ አናወጠው። እስከ መገናኛ ነድቼ ተመለስኩ። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው፣ ድምፁ ፈጠነ እንጂ መኪናዋ አልፈጠነችም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ነበር የሚነዳው።

ቀብድ ልሰጥ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። ያቆመኝ የባለቤቴ ስልክ ነው፤ «መካኒክ ሳያያት ሳንቲም እንዳትሰጥ» አለች።

መካኒኩ የድሮ ጎረቤታችን ነው፤ ጎተራ አካባቢ ጋራዥ አለው። ኮፈኑን ከፈተ፣ በባትሪ መብራት ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ኮድ አየ፣ ሳቀ። «ዋን ኤስዜድ» አለኝ። «ምን ማለት ነው?» «1 ሊትር ማለት ነው። ስፖርቱ ተለጥፎ ነው።»

ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው በጥር 1999 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። አውሮፓ ላይ ያሪስ ተባለች፤ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። የውጭ ቅርጿን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። ያች እንቁላል የመሰለች፣ ዳሽቦርዷ መሀል ላይ የሆነ መኪና ማለቴ ነው። እውነተኛ አርኤስ የምትባልም አለች። 1.5 ሊትሯ ዋን ኤንዜድ የሚባል ሞተር አላት፣ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፣ የኋላ ፍሬኗም ዲስክ ነው። እኔ ያየኋት ከኋላ ታምቡር ነበራት፤ ጉልበቷም ፋብሪካ ስትወጣ 70 ነበር።

ታዲያ እውነተኛዋ አርኤስ ለምን እዚህ አትገኝም? መልሱ ቀረጥ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጃችን ለረጅም ጊዜ ድንበሩ 1,300 ሲሲ ላይ ነበር። ከዚያ በታች ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ። 1,500 ሲሲ አርኤስ ያመጣ አስመጪ ለ200 ሲሲ ብሎ እጥፍ ኤክሳይዝ ሊከፍል ነው። ማን ያደርገዋል? ስለዚህ የገባችው 1 ሊትሯና 1.3ቷ ናት፤ ክንፉና ጽሑፉ ደግሞ በኋላ ተለጠፈባት። ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር አለ እንዴ?

መካኒኩ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ እኔ አስቤው የማላውቀው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ገደማ ያጣል። 70ው ፈረስ 56 ሆነ ማለት ነው። «ደብረ ብርሃን ስትደርስ ደግሞ» አለኝ፣ «ሩቡ የለም።» ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። ክንፍ ቢለጠፍ ባይለጠፍ አየሩን አያወፍረውም።

ከዚያ ወደ አካሏ ሄደ። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በጎኗ ላይ አስኬደው። ከኋላ በር እስከ ጎማው በላይ ድረስ ማግኔቱ አልይዝም አለ። ስቱኮ ነው። የፓራፋንጎው ብሎን ጫፎች ቀለማቸው ተፍቋል፤ ተፈትተው ያውቃሉ። የበሩን ጎማ ገለጥ ሲያደርግ ከስር ነጭ ቀለም ወጣ። ቁልፉን ወደ መጀመሪያው ሲያዞረው የኤርባግ መብራት ጭራሽ አልበራም። እኔ «አለመብራቱ ጥሩ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «በርቶ ሲጠፋ ነው ጥሩ» አለኝ። «ጭራሽ ካልበራ ሰው ነክቶታል። ኤርባጉ አንዴ ፈንድቶ ይሆናል፤ ወይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር አልተመለሰም።» ከስር ገብቶ ደግሞ ሞላዋ መቆረጡን አየ። መሬት ልትስም የደረሰችው ለዚያ ነው። በኮብልስቶን መንገድ እማዬን ይዤ ስሄድ ወገቧ ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

እዚህ ላይ «ትቼያት ሄድኩ» ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተውኳትም። በዚያች ሌሊት ስንት ቢቀንሱልኝ ሞላውን አስቀይሬ፣ ስቱኮውን አስነቅዬ ምን ያህል እንደምጨርስ ሳሰላ ነጋ። ጠዋት ደውዬ ዋጋ ቀነስኩ። ደላላው አላንገራገረም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ለውሉ ሊብሬውን ሳየው ቀለም በሚለው ቦታ «ነጭ» ይላል። ስሙ ደግሞ የሻጩ አይደለም። «ውክልና አለው፣ ፋዘር፤ ሕጋዊ ነው» አለኝ ደላላው፤ ባለ ማኅተሙን ወረቀት አሳየኝ። የመሸጥ የመለወጥ ሥልጣን የሚሰጥ ነው፣ ችግር የለበትም። «ባለቤቱ የት ነው ያለው?» ስል «ውጭ» አለኝ። «በስልክ ላናግረው።» «ሰዓቱ አይገጥምም።»

ለመካኒኩ ደወልኩ። «ወረቀቱ ላይ አድራሻ የለም?» አለኝ። አለ። ጉለሌ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር። ለደላላው «ብሩን ይዤ ከሰዓት እመለሳለሁ» ብዬ በታክሲ ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። የሰውዬውን ስም ጠራሁላት። ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «አባዬ እኮ አርፏል። ዓመት አልፎታል» አለች። ምን እንደምል ጠፋኝ። ስለ መኪና መሆኑን ስነግራት «ነጯ ቪትዝ?» አለችኝ። ቀይ መሆኗን አልነገርኳትም። እናቷ መጡ። ሰውዬው ሲታመሙ ለዘመድ ውክልና ሰጥተውት ነበር፤ ከሞቱ በኋላ መኪናዋን መልስ ቢሉት እንቢ ብሏል፤ ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ሦስት ዓመት የጣልኩትን ዕቁብ ልሰጥ የነበረው ለማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መኪናዋን ደግሞ ከእኔ የሚነጥቀኝ ሌባ ሳይሆን እዚያ ደጃፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ነበሩ፤ ሐቁም ከእነሱ ጋር ነው። የደላላውን ስልክ ሰጥቻቸው ወጣሁ። ቡና ጠጣ ብለውኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሌሊቱን ሳሰላ ማደሬን ጭምር። ተቆጥታ አልጨረሰችም፣ ግን «በቃ መኪና ይቅርብን» አላለችም።

የገዛናትን ያገኘናት በሰው በሰው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ብርማ ያሪስ፣ 1.3፣ ማኑዋል፣ አምስት በር። ክንፍ የላትም። ፓራውልቷ ላይ ጭረት አለ፤ «የግቢያችን በር ነው፣ እኔው ነኝ» አሉ ሰውዬው። ያ ጭረት ዋጋ የጨመረላቸው ይመስለኛል፤ ያልተደበቀ ነገር ሳይ ትንፋሼ ተመለሰ። ማግኔቱ ሁሉም ቦታ ያዘ። የኤርባጉ መብራት በርቶ ጠፋ። ፍሪሲዮኗ ደክሟል፣ ቴስቲናዋ ሊቀየር ይገባል፤ መካኒኩ እነሱን አስልቶ ከዋጋው አስቀነሰልኝ። ሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር በጣቱ እየነካ አንድ በአንድ አነበበ። መንገድ ትራንስፖርት ሄደን ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋገጥን። ውልና ማስረጃ ስንሄድ የመምህሩም ባለቤት መጥተው ፈረሙ፤ ብሩ በሲፒኦ እዚያው ተሰጠ። ደላላ አልነበረም። ለመካኒኩ ያሰበኝን ስሰጠው ግማሹን መለሰልኝ።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ፣ ከጥር 2016 ወዲህ፣ እነዚህ አሮጌ ቪትዝና ያሪሶች ተተኪ የላቸውም። ቀድሞም የ2012ቱ አዋጅ ዕድሜዋ ለገፋ መኪና ኤክሳይዙን አክብዶት ነበር። ያሉት እየተዟዟሩ ነው፤ እየተቀቡ፣ እየተለጠፈባቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ። የዛሬ ሃያ ዓመት የተጋጨች መኪና ዛሬ እንደ አዲስ ስትቀርብ ብታዩ አትገረሙ። ያች ቀይዋም አሁን የት እንዳለች እንጃ። አንዳንዴ በመንገድ ላይ ማርሚታ ሲጮህ ዞር ብዬ ቁጥሯን አያለሁ።

ስለ ስፖርቱስ? እውነቱን ልናገር፣ ያሪሷ ከጠበቅኩት በላይ አስደሰተችኝ። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ስትሰጣት፣ ከፍታው ሩቧን ቢወስድባትም፣ ቀላል ስለሆነች ትነሳለች። ኩርባ ላይ መሪዋ ወዲያው ይሰማል። የልጅነቴ ጎልፍ አይደለችም፤ ግን ቆረጥ ያለች ናት።

ባለፈው እማዬን ከሕክምና ስመልሳት ጋቢና አስቀመጥኳት። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ሸኖን እንዳለፍን ዳገት ላይ አንድ ሲኖትራክ ከፊታችን ይጎተታል። መንገዱ ክፍት ነበር። ወደ ሦስተኛ አወረድኩ፣ ረገጥኳት፣ አለፍኩት።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች እማዬ፣ ነጠላዋን ሳትገልጥ።

«ሞተሩ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን አድርጎህ ነው የምታስጮኸው?»

ወደ አራተኛ ቀየርኩ።