ተጨማሪ መረጃ፦ ቀነኒሳና የአየር ጤናው ሚኒባስ

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ድንቅ ክብረ ወሰን እስከ 2020 ማንም አልደፈረውም። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የሚወርድ ሚኒባስ መንገድ ተዘጋግቶ ሲንፏቀቅ ቀነኒሳ ጥሎት ይሄዳል፤ መንገዱ ተከፍቶለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ የሚበልጠው በ1.3 እጥፍ ብቻ ነው።

የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው ግን ጨርሶ አይቀራረብም። ቀመሩ ½ × መጠነ ቁስ × ፍጥነት² ነው። የሯጩን መጠነ ቁስ 56 ኪሎ ግራም፣ ተሳፋሪ የሞላውን ሚኒባስ ደግሞ 3,000 ኪሎ ግራም እንበል። ሯጩ 1,125 ጁል ገደማ ይዞ ሲሮጥ ሚኒባሱ 104,000 ጁል ይሸከማል፤ 92 እጥፍ መሆኑ ነው! ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ይህ ጉልበት ከሞላ ጎደል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬኑ ተቃጥሎ የሚሸተውም ለዚህ ነው።

የሚኒባሱ ፍጥነት በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግስ? ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ጉልበቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በዚያው የፍሬን ኃይል ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም እንዲሁ 4 እጥፍ ይረዝማል።