ፍሎራይድን የሚያስወጣው ቀጭን ቦይ

የማስተምረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ጥርስ እዚህ ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሲሆን፣ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ውሃው ጥርሳችንን እንዲህ ካደረገው ጀርሞቹ እንዴት ቻሉት?» አለችኝ።

መልሱ ከአሲድ ይጀምራል። ፍሎራይድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ቅባታማውን የሴል ሽፋን ማለፍ ይቸግረዋል። አካባቢው አሲዳማ ሲሆን ግን ከፊሉ ከሃይድሮጅን ጋር ይጣመርና ቻርጁን ያጣል፤ ሽፋኑንም ሰተት ብሎ ያልፋል። የሴሉ ውስጥ አሲድነቱ አነስተኛ ነውና እዚያ ሲደርሱ ሁለቱ ይለያያሉ። ፍሎራይዱ እንግዲህ በመጣበት መመለስ አይችልም። እየተጠራቀመ ሄዶ፣ ስኳር ሰባብረው ጉልበት ከሚያወጡት ኢንዛይሞች አንዱን ኢኖሌዝን ያሽመደምዳል።

በ2012 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ የሮናልድ ብሬከር ቡድን ብዙ ባክቴሪያዎች ፍሎራይድን የሚለይ የአር ኤን ኤ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳላቸው አሳየ። ፍሎራይድ ሲበዛ የመከላከያ ጂኖች ይበራሉ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ አር ኤን ኤም ፍሎራይድም ኔጌቲቭ ናቸው፣ መገፋፋት ነበረባቸው፤ ሦስት የማግኒዥየም አዮኖች መሀል ገብተው ያስታርቋቸዋል።

ከነዚያ ጂኖች አንዱ ፍሉክ የተባለውን የሽፋን ፕሮቲን ያሠራል። ራንዲ ስቶክብሪጅ፣ ክሪስቶፈር ሚለርና ባልደረቦቻቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ቅርጹን ሲያወጡ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ካርቶን ውስጥ እንደተቀመጠ ጥንድ ጫማ ተገለባብጠው ተገኙ፤ መሀላቸው አንድ የሶዲየም አዮን ተሰንቅሯል። ፍሎራይድ በሁለት ቀጫጭን ቦዮች ይወጣል፣ በሰከንድ በሚሊዮን እየተቆጠረ። ሴሉ ለዚህ ነዳጅ አያቃጥልም፤ ውስጡ ኔጌቲቭ ስለሆነ ፍሎራይዱን ራሱ ይገፋዋል። ጥበቡ ያለው ግን በከለከለው ላይ ነው። ክሎራይድ በየቦታው የሞላ ነው፤ በዚያው ቦይ እንደልቡ ቢመላለስ ሴሉ የሚኖርበትን የኤሌክትሪክ ልዩነት ያጠፋው ነበር። ፍሉክ ፍሎራይድን ከክሎራይድ ከ10,000 እጥፍ በላይ አስበልጦ ያሳልፋል።

ጥርስ የሚያበላሸው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ሌላ ፕሮቲን አለው፤ አንድ የሃይድሮጅን አዮን አስገብቶ በልዋጩ አንድ ፍሎራይድ ያስወጣል። ታዲያ የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ምን ይሠራል? በአብዛኛው የጥርሱን ገጽ ያጠነክራል፤ ጀርም መግደል ዋና ሥራው አይደለም።

እርሾም ከፍሉክ ቤተሰብ የሚመደብ ፕሮቲን አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የየል ተመራማሪዎች ጂኖቹን ሲያወጡበት ለፍሎራይድ ያለው ስስነት 1,000 እጥፍ ገደማ ጨመረ። ዕፅዋትም ዘመዱ አላቸው፤ ሰው የለውም። እኛ የምናስወጣው በኩላሊት ነው፣ የቀረው አጥንት ውስጥ፣ በልጅነት ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ባለ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ሰው ስለሌለው ይህን ቦይ የሚደፍን መድኃኒት ቢሠራ ጀርሙን እንጂ እኛን አይነካም የሚል ተስፋ አለ፤ በቤተ ሙከራ ቦዩን የሚደፍኑ ትናንሽ ፕሮቲኖች ተሠርተዋል። ለጥርስ መበስበስ ግን ብዙ አልጠብቅም፣ ሚውታንስ የሚጠቀመው በሌላው ነውና። እኔ ዓይኔን የጣልኩት አፍና ብልት ላይ በሚያስቸግረው ካንዲዳ ፈንገስ ላይ ነው፤ እሱ ከእርሾው ጋር አንድ ዓይነት ፕሮቲን ይጠቀማል።