ለመንገድ ፍላሽ፣ ለቤት ሃርድ ዲስክ



ሚሞሪ ካርዳችን ላይ የጫንነው መንዙማ ከአዲስ አበባ እስከ ሉማሜ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ አውቶቡሱ እያንገጫገጨንም ሳይቆራረጥ ይደርሳል። ይህ ድሮ ቀላል አልነበረም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የመጀመሪያው አይፖድ ዘፈን የሚያስቀምጠው ባለ 5 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። በውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 4200 ጊዜ ይሽከረከራል። አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። በኃይለኛ ንቅናቄ ሁለቱ ከተጋጩ መረጃው ሊጠፋ ይችላል። መሐንዲሶቹ ለዚህ መላ ዘየዱ፤ ማጫወቻው እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን ድምፅ አስቀድሞ ወደ ጊዜያዊ ማህደር ይገለብጥና ዲስኩን ያሳርፈዋል። ይህ ባትሪም ይቆጥባል።

አየር ሲሳሳ ደግሞ ጭንቅላቱን የሚደግፈው ይቀንሳል። በሃርድ ዲስክ ለሚሠሩ አይፖዶች የተሰጠው የከፍታ ገደብ 3000 ሜትር ነበር። ሉማሜ ከዚህ በታች ናት፤ ከ4000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ግን ከገደቡ በላይ ነው።

ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ሳለ በ1980ዎቹ የፈለሰፈው ፍላሽ ይህ ችግር የለበትም። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ባጠመዳቸው ኤሌክትሮኖች ነው። ችግሩ ዋጋው ነበር። በ1998 በኮሪያ የወጣው ኤምፒማን ባለ 32 ሜጋባይት ሲሆን፣ የሚይዘው የግማሽ ሰዓት ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ዋጋው ሲረክስ፣ በ2005 ባለ ፍላሹ አይፖድ ናኖ ባለ ሃርድ ዲስኩን አይፖድ ሚኒ ተካው። ዛሬ በስልካችን የምንሰካው ካርድም ያው ፍላሽ ነው።

ታዲያ ፍላሽ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። ደጋግሞ ማዳመጥ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚያደክመው ደጋግሞ መጫንና ማጥፋት ነው። ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ በቀስ ይሾልካሉ። ብዙ ጊዜም ሳያስጠነቅቅ ይበላሻል። ሃርድ ዲስክ በበኩሉ ጠረጴዛ ላይ ተረጋግቶ ከተቀመጠ ብዙ መረጃ በአነስተኛ ዋጋ ይይዛል።

ዘፈን ቢጠፋ እንደገና ይጫናል። ከአያቶቻችንና ከሸኾቻችን አንደበት በስልክ የቀረጽነው ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በካርድ እንያዝ፣ ሌላውን ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጥ፤ በዓመት አንዴም ሁለቱንም ከፍተን እንፈትሽ። ካርዱን ስንነቅልም መገልበጡ ማለቁን እናረጋግጥ።