ጀርመን አገር ሂሳባችሁ ሲታገድ አንድ ወር አላችሁ

ደመወዝ ገብቷል፤ ካርዱ ግን አይሠራም። ኪራዩም አልተከፈለም። ባንኩ ሲጠየቅ «ፕፌንዱንግ ደርሶናል» ይላል፤ የሂሳብ እገዳ ማለቱ ነው። ጀርመን የሚኖር ብዙ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ገንዘቡ በሙሉ የተወሰደበት ይመስለዋል። አልተወሰደም! ወዳጆቼ፣ ገንዘቡን ከእገዳ የሚጠብቀውን ሕግ ካወቅሁ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም።

መጀመሪያ እገዳው እንዴት እንደሚመጣ። የስልክ ድርጅት ወይም ሌላ ባለገንዘብ ያልተከፈለው ዕዳ ሲኖር ለፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ማንበሻይድ የሚባለው ደብዳቤም በቢጫ ፖስታ ቤታችሁ ይደርሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ፍርድ ቤቱ በዚህ ደረጃ ዕዳው እውነት መሆን አለመሆኑን አያጣራም። ዕዳው የእናንተ ካልሆነ በ2 ሳምንት ውስጥ ቪደርሽፕሩኽ፣ ማለትም ተቃውሞ፣ ማስገባት የእናንተ ፋንታ ነው። ዝም ካላችሁ ማስፈጸሚያ ትእዛዝ ይከተላል፤ እሱንም ለመቃወም ሌላ 2 ሳምንት ይሰጣል። ባለገንዘቡ ግን ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ በትእዛዙ የባንክ ሂሳባችሁን ማሳገድ ይችላል። ፊናንስአምትን (የግብር ቢሮን) የመሰሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው ያግዳሉ።

አሁን ወደሚያስደስተው ክፍል ልምጣ። ባንኩ የእገዳው ትእዛዝ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ገንዘቡን ለባለገንዘቡ ማስተላለፍ አይችልም። በዚያ ወር ውስጥ «ሂሳቤን ፒ-ኮንቶ፣ ማለትም ከእገዳ የተጠበቀ ሂሳብ፣ አድርጉልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ባንኩ እምቢ ማለት አይችልም፤ ሂሳቡ ከዜሮ በታች ቢሆን እንኳ። ሂሳቡ ታግዶ ከሆነ ለውጡ ከጥያቄያችሁ በኋላ ባለው አራተኛው የሥራ ቀን ይጀምራል፤ ጥበቃው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ እገዳው ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ይሠራል። እስከ 2010 ድረስ በታገደ ሂሳብ ላይ ያለ ደመወዝን ለማስለቀቅ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነበር። አሁን ለባንኩ የምትጽፉት አጭር ማመልከቻ ይበቃል፤ እኔን እስካሁን የሚደንቀኝም ይኸው ነው።

ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ድረስ ለአንድ ሰው በወር 1,560 ዩሮ ማንም አይነካበትም። መጠኑ በየዓመቱ ጁላይ 1 ይስተካከላል። ባንኩ ግን ልጆች እንዳሏችሁ አያውቅም! ስለዚህ በሻይኒጉንግ የሚባለውን ማስረጃ መውሰድ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው የምታስተዳድሩት ሰው 585.23፣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ላሉት ለእያንዳንዳቸው 326.04 ዩሮ ይጨመራል። ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ወደ 2,471 ዩሮ ይጠበቅላታል፤ ኪንደርጌልዱም (የልጆች አበሉም) በዚያ ላይ ይታከላል። ማስረጃውን ከሹልድነርበራቱንግ (ከዕዳ ምክር ቢሮ)፣ ከአሠሪያችሁ ወይም የልጆች አበል ከሚከፍለው ከፋሚልየንካሰ ታገኛላችሁ። ከተጠበቀው ገንዘብ በወሩ ያልወጣው ደግሞ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይሸጋገራል።

ባልና ሚስት በጋራ የያዛችሁት ሂሳብ ከሆነ ተጠንቀቁ። የጋራ ሂሳብ ፒ-ኮንቶ አይሆንም፤ በዚያው አንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን ወደየግል ሂሳባችሁ ማዛወር አለባችሁ። አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለውም አንድ ፒ-ኮንቶ ብቻ ነው።

ፒ-ኮንቶ ዕዳውን አይሰርዝም። የምግብና የኪራይ ገንዘብ ያተርፍላችኋል፤ ከባለገንዘቡ ጋር ለመነጋገርም ጊዜ ይሰጣችኋል። ለዚህም ካሪታስ፣ ዲያኮኒና አቮ በብዙ ከተሞች ነፃ የዕዳ ምክር ይሰጣሉ። ቀጠሮው ሊዘገይ ስለሚችል እሱን ስትጠብቁ ወሩ እንዳያልፍባችሁ፦ ዛሬውኑ ለባንኩ ጻፉ፣ ቀጠሮውን ከዚያ በኋላ ያዙ።