ወደየትም የማያደርስ ደረጃ

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት የቆመ ሰው፣ ወደየትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ያያል። የጣሊያን ሥራ ነው። እርከኖቹ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተቆጠሩ የፋሺስት ዓመቶች ናቸው፤ ያኔ ዘመኑ ራሱ ከአንድ ተነሥቶ እንደ አዲስ ይቆጠር ነበር።

ያስቃል። ዘመንን ከአንድ መቁጠር አስቀድመው የሞከሩት የፈረንሳይ አብዮተኞች ናቸው፤ ፋሺዝም ደግሞ አምርሮ የሚጠላው የእነሱን 1789 ነበር። ጥላቻውን በ1932 (እ.ኤ.አ.) ያሰፈረው በጣሊያን ኢንሳይክሎፔዲያ ነው። ጽሑፉን የፈረመው ሙሶሊኒ ነው፤ የፍልስፍናውን ክፍል የጻፈለት ግን ጆቫኒ ጄንቲሌ። ኢንሳይክሎፔዲያ ራሱ፣ ዲደሮና ዳላምቤር ያሳደጉት የዘመነ አብርሆት ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ግለሰብ ከመንግሥት ውጭ ዋጋ የለውም፤ የሰው ልጅ እኩል አይደለም፣ ባይሆንም ይበጃል፤ ዘላቂ ሰላም የፈሪ ምኞት ነው። ምሁራኑም ብዙ አልታገሉም። በ1931 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለአገዛዙ እንዲምሉ ሲታዘዙ፣ ከ1,200 ገደማ ውስጥ እምቢ ያሉት ደርዘን ያህል ነበሩ።

እኛ ዘንድ «ፋሺስት» የሚለው ቃል ረክሷል። ኢሕአፓ ደርግን እንዲያ ይለው ነበር፤ ዛሬም የተናደደ ሁሉ ባላንጣውን እንዲያ ይለዋል። እኔ ግን ቃሉን የምመዝነው በዚያው ግቢ በሆነው ነው።

ወራሪው ጣሊያን የመጣው ሥልጣኔ አመጣለሁ፣ ባርነት አጠፋለሁ እያለ ነበር፤ ማለትም በጠላው በአብርሆት አፍ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ግን ከቅኝ ግዛቱ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 12፣ የጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ በዚሁ ቤተ መንግሥት ለድኆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ሦስት ቀን አዲስ አበባ ነደደች፤ ሰው በአካፋና በዱላ ሳይቀር ተገደለ። ቀጥሎ የተማሩት እየተፈለጉ ተረሸኑ፤ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡት፣ ባሕር ተሻግረው ተምረው የተመለሱት። ሥልጣኔ አመጣለሁ ያለው ኃይል ፊደል የቆጠረውን እየለቀመ ጨረሰ።

ደረጃው ጫፍ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጣለች። እሷን ያስቀመጡት ጣሊያኖቹ አይደሉም።