በአስፋልት ተለማምዶ ኦሊምፒክ የደረሰው ሮቤል

ጫግኒ ላይ «በረዶ ጣለ» ከተባለ ወሬው የስፖርት አይደለም። ሰብል ተመታ፣ ቆርቆሮ ተደበደበ ማለት ነው። ያንን ለስላሳውን ነጭ በረዶ የከተማዋ ኳስ አፍቃሪ የሚያየው በቴሌቪዥን ነው፤ አውሮፓ ላይ ሜዳው ነጭ ለብሶ ብርቱካናማ ኳስ ሲገባ። ከጫግኒ ወደ ደጋው እንጅባራ ቢወጣ እንኳ የሚያገኘው ውርጭ ነው። እሱም ፀሐይ ሞቅ ሲል ድራሹ ይጠፋል።

እንዲህ ካለ አገር የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ይወጣል ቢባል ማን ያምናል? ወጥቷል እኮ! ስሙ ሮቤል ተክለማርያም ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከበረዶ ጋር የተዋወቀው እዚያው ነው። የተማረው ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሊምፒክን ባስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ሲሆን፣ በኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሯል። ለአሜሪካ ልሰለፍ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የመረጠው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ነው።

ችግሩ ሜዳው ነበር። ራስ ዳሽን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አልፎ አልፎም በረዶ ይጥልበታል። ግን አይቆይም። የእኛ ዝናብ የሚመጣው በክረምት ነው፤ የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው ደግሞ ሰማዩ በሚደርቅበት በበጋ ነው። ሁለቱ ይተላለፋሉ። ሞሮኮ ላይ ግን ብርዱና ዝናቡ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ። ለዚህም ነው ከማራካሽ በስተደቡብ በአትላስ ተራሮች ላይ ኡካይመደን የተባለች አነስተኛ የሸርተቴ ስፍራ ያለችው። እሷም ብትሆን ሰማዩን ጠባቂ ናት፤ በረዶው ከቀረ ጨዋታ የለም።

ሮቤል ታዲያ መላ ዘየደ። ከበረዶ ሲርቅ ጎማ የተገጠመለት አጭር ሸርተቴ እግሩ ላይ አስሮ፣ በሁለት እጁ ዘንግ ይዞ አስፋልት ላይ መለማመድ ያዘ። የአገሪቱን የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ያቋቋመውም እሱ ነው። በእግር ኳስ ቋንቋ፣ ተጫዋቹም አምበሉም የክለቡ መስራችም አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ የክረምት ኦሊምፒክ ሲከፈት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች። ቡድኑ አንድ ሰው፣ ባንዲራ ያዡም ያው ሰው! የካቲት 10 ቀን በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። ያንን ውድድር በ38 ደቂቃ ያሸነፈው ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ ነው። ሮቤል ከኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ቀድሞ መግባቱ ግን ለእኛ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ቦይት በ1998 እ.ኤ.አ. ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ሲወጣ፣ አሸናፊው ኖርዌጂያዊ ቢዮርን ዴሊ መድረሻው ላይ ጠብቆ ያቀፈው ሰው ነው።

ሮቤል በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ መጣ። አሁንም ብቻውን። በ15 ኪሎ ሜትር 93ኛ ሆነ።

በሩጫ ወርቅ የለመደ ተመልካች «93ኛ ደግሞ ምን ይወራል?» ሊል ይችላል። ግን የአበበን፣ የኃይሌንና የቀነኒሳን አገር ሩጫ በዚህ መለኪያ መመዘን ዳኝነት ማዛባት ነው። እነሱ የሮጡበት አቧራና ዳገት በየደጃችን አለ። ሮቤል የተወዳደረው አገሩ በሌላት ሜዳ፣ በረዶ ላይ ካደጉ ኖርዌጂያውያንና ስዊድናውያን ጋር ነው።

የሚያስቆጨው ደረጃው ሳይሆን ከእሱ በኋላ የሆነው ነው። ሶቺ 2014፣ ፒዮንግቻንግ 2018፣ ቤጂንግ 2022 ሲካሄዱ የኢትዮጵያ ባንዲራ አልነበረም። ጎረቤት ኤርትራ ግን በካናዳ ባደገው ሻነን አበዳ አማካይነት በ2018ም በ2022ም ተሰልፋለች። በሰሜን አሜሪካና በስካንዲኔቪያ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ሞልተዋል። ሮቤል በሩን ከፍቶላቸዋል። የጎደለው «ኑ፣ ማልያው ይኸው» የሚላቸው ሰው ነው።