«ኢንተርቪን» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው «ኢንተርቪን» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። ይህ ቃል ከዓለም ዜና የማይታጣ ሲሆን፥ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ተርጓሚውን ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። «ኢንተር» ማለት በመካከል፥ «ቬኒሬ» ማለት መምጣት ነውና፥ ሁለቱ ሲጣመሩ «በመካከል መጣ፥ መሐል ገባ» የሚል ፍች ይሰጣሉ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛው ተነሥቶ ቢገላግላቸው፥ የእርሱ ሥራ በዚህ ግሥ ይነገራል። በዘርና በመከር መካከል የሚያልፉት ወራትም እንደዚሁ ናቸው። በፍርድ ቤትም፥ በሌሎች ክርክር መብቴ ይነካል ብሎ የሚቀርበው ወገን በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ይህንኑ በአንቀጽ 41 ደንግጎታል።

በሰዋስው ረገድ ግሡ ተሳቢ አይቀበልም። «ጠቡን» ሳይሆን «በጠቡ ውስጥ» ለማለት «ኢን»፥ «በሁለቱ መካከል» ለማለት «ቢትዊን» የተባሉት መስተዋድዶች ይከተሉታል።

የዚህ ግሥ ጎረቤት «ኢንተርፊር» ነው። እርሱ ግን ሳይጠሩት ገብቶ ሥራ ማሰናከልን፥ በሰው ጉዳይ እጅ ማስገባትን ያመለክታል፤ ነቀፌታም አለበት። «ኢንተርቪን» ግን በራሱ ምስጋናም ነቀፌታም የለውም፤ ክፉና ደግነቱ የሚታወቀው ከገባው ሰው ሥልጣንና ከሥራው ፍሬ ነው። እኛ ሁለቱንም «ጣልቃ ገባ» ብለን ስለምንተረጕም ልዩነቱ ይጠፋብናል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ የመንግሥታትን ቃል ኪዳኖች እንመልከት። በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር፥ በአንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 7፥ ድርጅቱ በመሠረቱ የአንድ አገር የውስጥ ሥልጣን በሆነው ጉዳይ እንዳይገባ ሲከለክል የተጠቀመው በ«ኢንተርቪን» ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ደግሞ ክልከላውን ያስቀመጠው በ«ኢንተርፊር» ስም ነው።

በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የዘር ማጥፋት ሲፈጸም፥ የጸጥታው ምክር ቤት በዚያ የነበረውን ሠራዊት እንዲቀነስ ወሰነ፤ ሕዝቡም ገላጋይ አጥቶ አለቀ። ከዚህ በኋላ በ1992 ዓ.ም. በሎሜ የጸደቀው የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ፥ በአንቀጽ 4 ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንድ አባል አገር በሌላው የውስጥ ጉዳይ «ኢንተርፊር» እንዳያደርግ ከልክሎ፥ ወዲያው በሚከተለው ንኡስ አንቀጽ፥ የጦር ወንጀል፥ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ፥ ኅብረቱ በጉባኤው ውሳኔ «ኢንተርቪን» የማድረግ መብት እንዳለው ደነገገ። ሁለቱም «ጣልቃ መግባት» ተብለው ቢተረጐሙ፥ ሕጉ በአንድ እጁ የከለከለውን በሌላው የፈቀደ ይመስላል።

እንግዲህ ይህ ግሥ ሲያጋጥመን አስቀድመን እንጠይቅ፦ የገባው ማን ነው? በማን ሥልጣን? ለማንስ ጥቅም? መልሱ ሲታወቅ፥ «ገላገለ»፥ «መሐል ገባ» ወይም «ጣልቃ ገባ» ከሚሉት የሚስማማውን መምረጥ አያስቸግርም። ገላጋይንና ነገረኛን በአንድ ስም መጥራት ገላጋዩን ያሳፍራል፥ ነገረኛውንም ያስከብራል።